ከእርሻ የወጣው የወሎ ወጣት የት ገባ?

በቃሉ ወይም በተሁለደሬ ወረዳ አንድ የገበሬ ቤተሰብ እናስብ። ሦስት ጥማድ መሬት አላቸው። ልጆቹ አምስት ናቸው። ትልቁ ከአባቱ ጋር ያርሳል። ሁለተኛው ኮምቦልቻ ባጃጅ ይነዳል፤ ባጃጁ የሰው ስለሆነ በየቀኑ ለባለቤቱ ገቢ ያስገባል። ሦስተኛዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ላይ ነበረች፣ ትታ ወጥታ አሁን ጂዳ ናት። አራተኛው ዲግሪውን ይዞ ደሴ ውስጥ ሥራ ይፈልጋል። ትንሹ ገና ተማሪ ነው፤ ገበሬ ትሆናለህ ወይ ብትሉት ፊቱን ያዞራል። ቤተሰቡን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ወሎን የሚያውቅ አንባቢ ግን የጎረቤቱን ቤት የገለጽኩ ሊመስለው ይችላል።

እዚህ ቤት ውስጥ ትልቅ ነገር እየሆነ ነው። አያቶቻቸው ሁሉም ገበሬ ነበሩ። ከልጆቹ መካከል የሚያርሰው አንዱ ብቻ ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይህን መዋቅራዊ ሽግግር ይሉታል፤ ሰው ከእርሻ ወደ ፋብሪካና ወደ አገልግሎት ሲሻገር ማለት ነው። የበለጸጉ አገሮች ሁሉ በዚህ መንገድ አልፈዋል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ወጣቱ ከእርሻ ወጣ ብሎ ማልቀስ አያስፈልግም። መጠየቅ ያለበት ወጥቶ የገባበት ሥራ ከተወው ሥራ ይሻላል ወይ የሚለው ነው። በወሎ የማየው መልስ ያሳስበኛል።

በአገር ደረጃ ሽግግሩ በቁጥር ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከ100 ሠራተኞች 80 ያህሉ ግብርና ላይ ነበሩ። በ2013 ቁጥሩ ወደ 73 ገደማ ወረደ። አሁን ከሦስት ሠራተኞች ሁለቱ አካባቢ ናቸው። ግብርናው ለአገሪቱ ጠቅላላ ምርት የሚያበረክተው ድርሻ ደግሞ ሲሶ ገደማ ነው። እስኪ ሒሳቡን እንሥራው። ሁለት ሦስተኛው ሠራተኛ ሲሶውን ምርት ያመርታል። የቀረው ሲሶ ሠራተኛ ሁለት ሦስተኛውን ያመርታል። ይህ ማለት ከእርሻ ውጭ ያለ ሰው በአማካይ የአንድ ገበሬን አራት እጥፍ ያመርታል ማለት ነው።

ታዲያ አንድ ወጣት ከቃሉ ማሳ ተነስቶ ኮምቦልቻ በገባ ቁጥር ምርቱ አራት እጥፍ ያድጋል? አያድግም። አማካይ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከእርሻ ውጭ በሚባለው ውስጥ ባንክ አለ፣ ቴሌኮም አለ፣ አየር መንገድ አለ። ጉሊትም አለ፣ ሊስትሮም አለ፣ የቀን ሥራም አለ። ከገጠር የመጣው ልጅ የሚገባው በኋለኛው በር ነው። አንድ መስመር ላይ 20 ባጃጅ ሲሠራ ቆይቶ 10 ቢጨመርበት ተሳፋሪው አይጨምርም። ያው ገቢ ለ30 ይከፋፈላል። በትንሽ ማሳ ላይ ሦስት ወንድማማቾች ሲያርሱ የነበረው ችግር ከተማ ገብቶ አስፋልት ላይ ተደገመ ማለት ነው።

የሉዊስ ሐሳብና የኮምቦልቻ ሼዶች

ሰር አርተር ሉዊስ የሴንት ሉሲያ ተወላጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 ያቀረቡት ሐሳብ እስካሁን የብዙ መንግሥታት ፖሊሲ መነሻ ነው። በአጭሩ እንዲህ ይላል። በድሃ አገር ገጠር ውስጥ ከሚያስፈልገው በላይ ጉልበት አለ። ጥቂት ሰው ቢቀነስ ምርቱ እምብዛም አይጎድልም። ፋብሪካው ይህን ጉልበት ከገጠር ኑሮ ትንሽ ብቻ ከፍ ባለ ደመወዝ ይቀጥረዋል። ያተረፈውን መልሶ ማሽን ይገዛበታል፣ ሌላ ሰው ይቀጥራል። ትርፍ ጉልበቱ ሲያልቅ ደመወዝ በከተማም በገጠርም መጨመር ይጀምራል።

ደቡብ ኮሪያ ይህን መንገድ በፍጥነት ሄዳበታለች። እ.ኤ.አ. በ1963 ከ100 ኮሪያውያን ሠራተኞች 63 ያህሉ ግብርና ላይ ነበሩ። በ1980 ወደ 34 ወረዱ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲታሰብም ተስፋው ይኸው ነበር። ፓርኩ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በ75 ሄክታር ላይ፣ በ90 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ 9 ሼዶች ተሠሩ። በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 20 ሺህ ያህል ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር።

20 ሺህ ብዙ ይመስላል። እስኪ ከሕዝቡ ጋር እናስተያየው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደቡብ ወሎ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ፣ ሰሜን ወሎ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራቸው። አንድ ላይ 4 ሚሊዮን። ከ100 ሰው በየዓመቱ ሁለቱ ብቻ ለሥራ ዕድሜ ይደርሳሉ ብንል እንኳ 80 ሺህ ወጣት በየዓመቱ ሥራ ይፈልጋል። ፓርኩ ሞልቶ ቢሠራ የአንድ ዓመት ወጣትን ሩብ ይወስዳል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ 80 ሺህ ይመጣል።

ያውም ሞልቶ ቢሠራ ነው። አልሠራም። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ከተሞቹ የተለቀቁት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። በመሀል የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ማሽን ተነቀለ፣ ተሰበረ። ወር ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ፣ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተሰረዘች። ወደ አሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ መግባት ቀረ። የልብስ ስፌት ትርፍ ከድሮም ቀጭን ነው። ቀረጥ ሲጨመርበት ገዢው ትዕዛዙን ወደ ሌላ አገር ያዞራል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገዱን በየጊዜው ይዘጋል። የላኪ ድርጅት ዕቃ በቀኑ ካልደረሰ ውሉ ይፈርሳል።

ጦርነቱንና አጎዋን ብቻ ተከሳሽ አድርጎ ማቆም ግን ልክ አይመስለኝም። ከዚያ በፊትም ሠራተኛው በገፍ ይወጣ ነበር፤ በኮምቦልቻ ብቻ ሳይሆን በመላ አገሪቱ። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ውስጥ ባደረጉት ጥናት፣ ሥራውን በዕጣ ካገኙት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ። ዓመት ሳይሞላ 77 በመቶው ወጥተዋል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ "የእኛ ልጅ ሥራ አይወድም" ይላል። ይህ አባባል ያናድደኛል። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ውኃ የምትቀዳ፣ ከብት የምታሰማራ፣ ማሽላ የምታጭድ ልጅ ሥራ ጠላች ማለት ነውር ነው። የለቀቀችው ሒሳብ ሠርታ ነው።

የስንቁ ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ገልጾ ነበር። ጥናቱ ካወዳደራቸው አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው። ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለንም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ አስቀምጦታል። የደመወዙ ወለል ግን እስካሁን አልመጣም።

በዚያ ደመወዝ ሰው እንዴት ይኖራል? መልሱ ስንቅ ነው። ልጅቷ ከቤት በሶና ሽሮ ይዛ ትመጣለች። ጓደኞቿ ጋር ሆና አንድ ክፍል ትከራያለች። እናት በገበያ ቀን በሚመጣ ሰው እህል ትልካለች። በሌላ አነጋገር የፋብሪካውን ደመወዝ የሚደጉመው የቤተሰቡ ሦስት ጥማድ መሬት ነው። ሉዊስ የገጠሩ ኑሮ የደመወዙን መነሻ ይወስናል ሲሉ ይህን ያህል ቀጥተኛ ነገር ነው። ገጠሩ ትርፍ እህል ካለው ዘዴው ይሠራል።

የወሎ ገጠር ትርፍ እህል የለውም። የ1966ና የ1977 ድርቅ ስም ያወጣው በዚህ ምድር ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ወረዳዎች በሴፍቲኔት ታቅፈው፣ ገበሬው በዓመት ስድስት ወር ያህል እርከን እየሠራ ሲከፈለው ቆይቷል። ደጋው ላይ ብዙ ሰው በበልግ ዝናብ ነው የሚኖረው፤ በልግ ደግሞ ቃሉን አይጠብቅም። በልግ በቀረበት ዓመት እናት ስንቅ መላክ ቀርቶ ከልጇ ትጠብቃለች። እንግዲህ ደመወዙ ከቤት ስንቅ ይመጣል ተብሎ ተሰልቷል፤ ቤቱ ደግሞ ከደመወዙ ይጠብቃል። መሀል ላይ የቆመችው የ19 ዓመት ልጅ ናት።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲለቀቅ ነገሩ ከበደ። ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ100 ብር አለፈ። ለላኪ ፋብሪካ ይህ እፎይታ ነው፤ ደመወዙ በዶላር ሲለካ ረከሰለት። ሠራተኛዋ ግን ዘይት የምትገዛው በብር ነው። ደመወዟ ከዘይቱ እኩል ካልሄደ ውጤቱ ይታወቃል። ትወጣለች።

ወጥታ የት ትሄዳለች?

ባቲን አልፎ የሚሄደው መንገድ

ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ዱሮ የአሰብ መንገድ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስኪነሳ ድረስ የጭነት መኪና ሲመላለስበት፣ በመንገዱ ዳር ሆቴልና ጋራዥ፣ ጎሚስታና ሻይ ቤት የሚያሠራው ብዙ ሰው ነበር። አሰብ ሲዘጋ የወሎ ምሥራቅ የሥራ በር አብሮ ጠበበ። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አይወራም። በአንድ ውሳኔ፣ ያለ አንድ ፋብሪካ መዘጋት፣ ብዙ የአገልግሎት ሥራ ሊጠፋ እንደሚችል ግን ጥሩ ማሳያ ነው።

ዛሬ በዚያ መንገድ የሚሄደው ሌላ ነው። በደላላ ተይዞ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ባሕር ተሻግሮ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ሳዑዲ። ከከሚሴ፣ ከባቲ፣ ከሐርቡ፣ ከሐይቅ፣ ከመርሳ፣ ከቆቦ የሚወጣው ወጣት መንገዱን ያውቀዋል፤ አደጋውንም ያውቃል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ያልተነካ የወሎ ቀበሌ ማግኘት ይከብድ ነበር። ከተመለሱት ብዙዎቹ መልሰው ሄዱ።

ይህንንም የሥራ ሽግግር ብለን ማየት አለብን። የወሎ ልጅ ከእርሻ ወጥታ አገልግሎት ዘርፍ ገብታለች፤ የገባችው ግን ሪያድ ውስጥ፣ በሰው ቤት፣ በሌላ አገር ኢኮኖሚ ነው። ምርታማነቷ እዚያ ይቆጠራል። ወደ እኛ የሚመጣው የምትልከው ብር ነው። ይህ ብር ትንሽ አይደለም። በባቲና በከሚሴ ዙሪያ የቆመውን አዲስ ቤት ያየ ሰው ያውቀዋል። ቤት ይሠራል፣ ባጃጅ ይገዛል፣ ሱቅ ይከፍታል። ቤት ሲሠራ ግንበኛ፣ አናጺና ቀለም ቀቢ ሥራ ያገኛሉ፤ ቤቱ ሲያልቅ ሥራው ያልቃል። ባጃጁ ደግሞ ቅድም ባልነው መስመር ላይ ይጨመራል።

ደላንታ ውስጥ ያለው ነገርም ከዚህ ይመሳሰላል። ወገልጤና አካባቢ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ኦፓል ይወጣል። ድንጋዩ በዓለም ገበያ ስም አለው። ወጣቱ በገደል ወገብ ላይ ዋሻ እየቆፈረ ያወጣዋል፤ ዋሻው እየተደረመሰ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ጥሬው ድንጋይ በብዛት ወደ ሕንድ ሄዶ እዚያ ይቆረጣል፣ ይወለወላል። ከእርሻ ወጥቶ ማዕድን የገባ ሰው ነው። ዋጋ የሚጨምረው ሥራ ግን ጃይፑር ላይ ቀርቷል።

ከማሳው የሚገዛ ፋብሪካ

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ የሆነችው በፓርኩ አይደለም። ከፓርኩ በፊት ጨርቃ ጨርቅ ነበር፣ ቆዳ ፋብሪካ ነበር፣ ሥጋ ማቀነባበሪያ ነበር፣ ቢራ ነበር። እነዚህ ብዙ ችግር ነበረባቸው፤ የዱሮውን ማሞገሴ አይደለም። አንድ ነገር ግን ነበራቸው። ቆዳ ፋብሪካው ቆዳ የሚገዛው ከባቲና ከደጋው ገበያ ነው። ሥጋ ማቀነባበሪያው በሬ ይፈልጋል። ስለዚህ ፋብሪካው ውስጥ አንድ ሰው ሲቀጠር ከውጭ ደግሞ ቆዳ ሰብሳቢ፣ ጨው ነጋዴ፣ ሾፌር፣ ጫኝና አውራጅ፣ ከብት አድላቢ ይሠራል።

የልብስ ስፌት ሼድ ግን ጨርቁንም፣ ክሩንም፣ ዚፐሩንም ከውጭ ያስመጣል። ሰፍቶ መልሶ ይልካል። ከወሎ የሚገዛው ጉልበት ብቻ ነው። በሩን ሲዘጋ ከደመወዙ በስተቀር በዙሪያው የሚቀር ነገር የለም። ይህን የምለው ስፌት አይረባም ለማለት አይደለም። ባንግላዴሽ በስፌት ሚሊዮኖችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ ቀጥራለች። እኛ ግን ዘግይተን ነው የገባነው። ዳኒ ሮድሪክ የተባሉት ኢኮኖሚስት እንዳሳዩት፣ ዘግይተው በገቡ አገሮች ፋብሪካ የሚቀጥረው የሰው ድርሻ ገና ዝቅ ብሎ ሳለ፣ አገሩም ሳይበለጽግ፣ ማሽቆልቆል ይጀምራል። ማሽኑ ሰውን እየተካ ነው። የኮሪያን 1963 ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ መድገም አይቻልም።

ስለዚህ ዓይናችንን ወደ ማሳው ብንመልስ ጥሩ ነው እላለሁ። ማሾን እንይ። በቃሉና በሐርቡ ቆላ የሚመረት፣ ቶሎ የሚደርስ፣ ውጭ አገር የሚሸጥ እህል ነው። በጥሬው፣ በኩንታል ይጫናል። ማበጠር፣ መለየት፣ ማሸግ ሐርቡ ላይ ቢሠራ ለአንድ ወረዳ ከተማ ቀላል የማይባል ሥራ ነው፤ ሠራተኛዋም ማታ ቤቷ ታድራለች፣ ኪራይ አይበላትም። የቆቦ ጊራና ሸለቆን እንይ። በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረታል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል፣ ቲማቲሙ ማሳ ላይ ይበሰብሳል። እዚያ የጎደለው ማቀዝቀዣ፣ ሣጥንና የቲማቲም ድልህ የሚሠራ አነስተኛ ፋብሪካ ነው። ወጣቱ ከእርሻ ሥራ ሳይርቅ ከማረስ ይወጣል።

የእርሻው ምርታማነት ራሱም ካልተነሳ ሌላው አይነሳም። ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ገበሬው በጥማድ ሁለት እጥፍ ካመረተ ስንቅ ይተርፋል፣ ምግብ ይረክሳል፣ የከተማ ደመወዝም የበለጠ ይገዛል። ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ ሲኖር ከከተማው ቆርቆሮ፣ ጫማ፣ የውኃ ፓምፕና ጥገና ይገዛል። ባጃጅ ነጂውም ተሳፋሪ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ስሱ ጉዳይ አለ፤ መሬት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከተማ የገባ ሰው ድርሻውን በእኩል፣ ማለትም ምርቱን ሊካፈል፣ ሰጥቶ ይሄዳል፣ ግን መሬቴን አጣለሁ ብሎ ይሰጋል። ስለዚህ አንድ እግሩን ገጠር ይተዋል። በዘር ጊዜ ይመለሳል፣ በአጨዳ ጊዜ ይመለሳል። ፋብሪካውም ቀሪ በዛብኝ ይላል። መሬት ይሸጥ ከሚሉት ጋር አልስማማም። በ1977ቱ ችግር ጊዜ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600 ሺህ ያህል ሰው አንስቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር የሆነውን የወሎ ሰው አልረሳም። ከቀዬ መነቀል እዚህ አገር የጽንሰ ሐሳብ ጉዳይ አይደለም። መሬቱ ክፉ ቀን ሲመጣ የመጨረሻ መመለሻ ነው። ለረጅም ዓመት በውል ማከራየትን ቀላልና አስተማማኝ ማድረግ ግን ይቻላል። አከራዩ ድርሻው እንደማይነጠቅ ካመነ ከተማ ገብቶ ሥራውን በሙሉ ልብ ይሠራል። ተከራዩም የተሻለ ስፋት ያርሳል።

ፓርኩን በተመለከተ፣ ባለሀብት ሲመጣ ስንት ሰው ትቀጥራለህ ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም። ደመወዙ ከኪራይና ከምግብ በኋላ ስንት ይተርፋል? ሠራተኛዋ የት ታድራለች? ከወረዳዎቹ ምን ይገዛል? እነዚህ ጥያቄዎች ከሼድ ኪራይ ውሉ ጋር አብረው ቢቀመጡ ከልመና አይቆጠሩም። አዲስ ሼድ ከመጨመር በፊት ለሠራተኛ የሚከራይ ቤት መሥራት ቢቀድም እመርጣለሁ። የሰለጠነች ኦፕሬተር በየወሩ የምትወጣበት ፋብሪካ በየወሩ እንደ አዲስ ማሰልጠን አለበት፤ ይህም ገንዘብ ነው።

የባቡሩም ነገር አለ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መስመር ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሮ፣ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል አብዛኛው ተሠርቶ ነበር። በገንዘብና በኤሌክትሪክ ችግር ዘገየ፣ ከዚያ በጦርነቱ ተዘረፈ። አንድ ቀን ሥራ ሲጀምር የጅቡቲ ወደብ ለወሎ ይቀርባል። ያን ቀን የመጀመሪያው ፉርጎ ማሾውን ከማሳ እንደመጣ በኩንታል ይጭን ይሆናል፤ ወይም ሐርቡ ላይ ተበጥሮ፣ ተለቅሞ፣ የወሎ ስም ተጽፎበት ታሽጎ ይጫናል። ማበጠሪያውን ለማቋቋም ባቡሩን መጠበቅ አያስፈልግም።